አጋዘን ጋላቢውና የመጨረሻዋ ቁራሽ

ቶርቢዮርን በዚያ ዓርብ ፊካ ከሚሉት የቡና ሰዓት መቅረት ፈልጎ ነበር። ነገር ግን በኡሜዮ ከተማ፣ ወንዙ ዳር ባለችው በዚያች ትንሽ የጨዋታ መሥሪያ ቤት፣ ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ቡናው ተቀድቶ ኬኩ ሲቆረጥ ያልተቀመጠ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተቀይሟል ይባላል። እሱ አልታመመም፤ ተቀይሟል እንዲባልም አልፈለገም። ስለዚህ ስኒውን ይዞ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠ። ውሻው ቱሬም እንደ ልማዱ ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ ተጋደመ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁጥሮቹ ይቆለፋሉ። የሚሠሩት «ሰባቱ ወንዞች» የሚባል በየተራ የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ነው። ካርታው በትንንሽ ቤቶች ተከፋፍሏል፤ አንዱ ተጫዋች ተዋጊዎቹን አንቀሳቅሶ ይቆማል፣ ከዚያ ተራው የሌላው ይሆናል። የትኛው ተዋጊ በአንድ ተራ ስንት ቤት እንደሚሄድ፣ ሲመታም ስንት አድርጎ እንደሚመታ የሚወስነው ቶርቢዮርን ነው። ዛሬ የተቆለፈው ሰኞ ለተጫዋቹ ሁሉ ይላካል፤ ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም ድረስ ማንም አይነካውም።

መነካት ያለበት ነገር ደግሞ ነበር። ቶርቢዮርን ባለፈው ጥቅምት አጋዘን ጋላቢ የሚባል አዲስ ተዋጊ ፈጥሮ ጨዋታው ውስጥ ካስገባ ወዲህ፣ ሌላ ተዋጊ የሚመርጥ ሰው ጠፋ፤ ቀስ በቀስም የሚጫወተው ሰው ራሱ መሳሳት ጀመረ። አጋዘን ጋላቢው ከሁሉም በላይ በርትቶ ነበርና። ይህን በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም። ስብሰባ ላይ ግን ቶርቢዮርን «ቀንሼዋለሁ» ሲል ሁሉም «ጥሩ ነው» ብሎ ይነሳል። እዚያ ብቻውን ቀና ብሎ «አይ፣ አይሆንም» የሚል ሰው የሰው ማዕድ የረገጠ ያህል ይቆጠራል።

ከፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ጉንቮር ናት። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ከሠራች በኋላ ቶርቢዮርን ራሱ ነው ለፈታኝነት የቀጠራት፤ አንዱን ውጊያ አርባ ጊዜ ደጋግማ ተጫውታ፣ የሆነውን ሁሉ በእርሳስ ደብተር ላይ የምትጽፍ እንደ እሷ ያለ ታጋሽ ሰው አላገኘም። ጨዋታውን የለመደችው ግን ከዚያ በፊት፣ ከልጇ ከአንስጋር ጋር ነው። አንስጋር መርከብ ላይ ይሠራል። እናትና ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቀን አንድ አንድ ተራ ሲጫወቱ ኖረዋል። ጉንቮር ጠዋት ስትገባ ካፖርቷን ሰቅላ «ዛሬም ተጫውቷል» ትላለች፤ ልጄ ደህና ነው ማለቷ ነው። ቶርቢዮርን ይህን ቃል ከሰማ አምስት ሳምንት አልፎታል። መቅረቱን ልብ ብሏል። ለምን ብሎ ግን አልጠየቃትም።

«የወንዙ በረዶ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ተሰበረ አይደል፣ ሊቭዬ?» አለች ጉንቮር ኬኩን እየቆረጠች። ሊቭ የጨዋታውን ሥዕል የምትሥል ወጣት ናት፤ ከጉንቮር ጎን ተቀምጣ በወረቀት መሐረብ ላይ አንድ ነገር ትሞነጫጭራለች። «ትናንት ድልድዩ ላይ ቆሜ አየሁት። ትልቁ የበረዶ ቁራጭ ትንንሾቹን እየገፋ፣ እየገፋ… እነሱ ምን ይበሉ? መንገድ ይለቃሉ። እኔም እንዴት ያምራል አልኩ። ከድልድይ ላይ ሆኖ ለሚያይ ያምራል። … ጣፈጠሽ? የብርቱካኑን ልጣጭ ፍቄ ጨምሬበታለሁ። ባለፈው ሳምንት ረስቼው ነበር፤ ማንም ግን ምንም አላለኝም። ሁላችሁም ‹ጥሩ ነው› አላችሁ። እንዴት ያላችሁ ጨዋ ልጆች ናችሁ።»

ሊቭ ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱ ኮድ ጸሐፊዎች ከጠረጴዛው ማዶ አፋቸውን ሞልተው ያኝካሉ። ቶርቢዮርን ሰዓቱን አየ፤ ስምንት ከአሥራ ሁለት ይላል። ሁለተኛ ዙር ቡና ሲቀዳ ኬኩ አልቆ ሳህኑ ላይ አንዲት ቁራሽ ብቻ ቀረች። አንዱ ኮድ ጸሐፊ እጁን ሰደደ፣ አመነታ፣ ግማሿን ቆርጦ ወሰደ። ትንሽ ቆይቶ ሌላውም የቀረችውን ግማሽ ለሁለት ከፈላት።

«እንደዚያ ነው፣ ልክ ናችሁ» አለች ጉንቮር፣ ለሊቭ እንጂ ለእነሱ ሳይሆን። «የመጨረሻዋን ቁራሽ የሚጨርስ ሰው በሠላሳ ዓመቴ አላየሁም። በመምህራኑ ጠረጴዛም እንዲሁ ነበር። አንዱ ግማሿን ይወስዳል፣ ሌላው የግማሿን ግማሽ፣ ሌላው ደግሞ የዚያችን ግማሽ… ማታ ሳህን ሳጥብ ወረቀት የመሰለች ስስ ነገር ቆማ አገኛለሁ። ሁሉም ቆርጧል፤ የጨረሰ የለም። … እኔ እንግዲህ ይኼ የኬክ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሥራውን እንደዚህ በጨዋነት የሚሠራ ሰው መኖሩን ያወቅኩት በስተርጅና ነው።»

ቶርቢዮርን ቡናውን ፉት አለ። ትኩስ ነበር፤ ቢሆንም ዋጠው።

«ስሙ ምን ይሠራልሻል? አንድ ሰው ነው። ይኼ ሰው አንድ የሚያስተካክለው ነገር አለው። ምን እንደሆነ እንኳ በደንብ አላየሁትም… ቀንዳም እንስሳ ላይ የተቀመጠ ሰውዬ ነው መሰለኝ። በጥር ተጫዋቹ አለቀሰበት። እሱም ጨክኖ ቆረጠ፤ የምቱን ኃይል ከሠላሳ ወደ ሃያ ዘጠኝ። እንዴት ያለ መሥዋዕትነት ነው? በየካቲት ደግሞ ከሃያ ዘጠኝ ወደ ሃያ ስምንት ተኩል። በመጋቢት ከሃያ ስምንት ተኩል ወደ ሃያ ስምንት ከሩብ። አንቺ ሠዓሊ ነሽ፣ የእጅ ነገር ይገባሻል፤ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ሩብ መቁረጥ የሚችል ስንት ሰው አለ? እኔ ለሦስት መቶ ተማሪ ሽንኩርት ስቆርጥ ኖሬ እንኳ እንደዚህ ማሳሳት አልቻልኩበትም። በዚሁ ከቀጠለ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥሽና፣ የልጅ ልጆችሽ ሲጫወቱት ልክ ይመጣል። … ምነው፣ ወተት ነው የፈለገው? አቀብዪው እስቲ፣ የኔ ልጅ። እጁ አልደረሰም።»

ወተቱ በሊቭ እጅ በኩል መጣ። ቶርቢዮርን ወተት አልፈለገም ነበር፤ እጁን የሰደደው አንድ ነገር ይዞ ለመነሳት ምክንያት ሲፈልግ ነው። ቀዳው። ነገሩ ስለ እሱ መሆኑን አውቋል። እነዚያን ቁጥሮች ከቤቱ በር ቁጥር ይልቅ በቃሉ ያውቃቸዋል። ነገር ግን ምን ብሎ ይመልሳል? ስሙ አልተጠራም። «ስለ እኔ ነው እንዴ?» ቢል፣ ጉንቮር መነጽሯን አውልቃ «ስለ አንተ? ምን በወጣህ» ትለዋለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ የባሰ ይሆናል።

«ለሌሎቹ ተዋጊዎች ግን እጁ አይሳሳም» ቀጠለች። «እንደዚያ አድርገሽ እንዳታስቢው። መረብ ወርዋሪውን ታስታውሺዋለሽ? አንቺ ነሽ የሣልሽው፤ ጎንበስ ያለውን፣ መረቡን ትከሻው ላይ የጣለውን። እሱ በነሐሴ አንድ ቀን ሳያስበው አሸነፈ መሰለኝ። በማግሥቱ ከአሥራ ሁለት ወደ ስምንት። በአንድ ምት፣ ያለ ሩብ፣ ያለ ተኩል። ለምን ቢባል ‹ለሚዛኑ›። ትክክል ነው፤ ሚዛን መጠበቅ አለበት። ሁለት ልጅ ያላት እናትም እኮ እንዲህ ታደርጋለች… አንዱን ትቆጣለች፣ አንዱን ታቅፋለች፣ በድምሩ እኩል ይወጣል።

«ስለ አጋዘኑም ክፉ መናገሬ አይደለም። እኔ ስፈትነው አንጀቴን ነው የሚበላው። ሌላው ሦስት ቤት ሲሄድ እሱ ስድስት ይዘላል፤ ምን ያድርግ፣ እግሩ ረጅም ነው። ጫካ ውስጥ ከቆመ ቁስሉ በራሱ ይድናል፤ ካርታው ሁሉ ጫካ መሆኑ የእሱ ጥፋት ነው? አንድ ሰው ከገደለ ደግሞ ሌላ ተራ ይጨመርለታል። ይኼኛው መቼም ድካሙ ታይቶ ነው። ሰው መግደል ያደክማል። … አንዲት ፈታኝ ሴት አርባ ጊዜ ሞከረችው ይላሉ። ሠላሳ ዘጠኙን አጋዘኑ አሸነፈ። አርባኛው ላይ መብራት ጠፋ። እንግዲህ ለሌላው ወገን ተስፋ የለም ማለት አይቻልም፤ መብራት አለ። ይህን ሁሉ በደብተር ጽፋ ብትሰጠው፣ አገላበጠና ‹ደስ ይላል፣ አስደሳች ነው› አላት። እሷ ምስኪን ደግሞ ደስ እንዲለው ብላ አልነበረም የጻፈችው። ቢሆንም፣ ሰው ደስ ማሰኘት ጽድቅ ነው።»

አንዱ ኮድ ጸሐፊ ሳል ያዘው። ቶርቢዮርን ወደ መስኮቱ ዞረ። ያ ደብተር አሁንም መሳቢያው ውስጥ አለ፤ ከዚያ ወዲህ አልከፈተውም። አጋዘኑን የፈጠረው አንድ የደከመው ሰሞን ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁሉንም ተዋጊ ለሌላ ሰው ደስታ ሲመዝን፣ ሲቀንስ፣ ሲጨምር ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ለራሱ የሚያምር ነገር ልሥራ አለ። ሠርቶም ወደደው። የወደዱትን ነገር ደግሞ በገዛ እጅ መቁረጥ ከባድ ነው፤ ከእሱ በቀር ማንም ይህን የሚያውቅ አይመስለውም።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ስድስት።

«ግን እኔ ዛሬ ላወራሽ የፈለግኩት የዚያን ሰውዬ ነገር አልነበረም» አለች ጉንቮር፣ የሊቭን ስኒ እየሞላች። «በሌላ ወሰደኝ። ላወራሽ የፈለግኩት ስለ አንድ ተጫዋች ነው። በሳምንታዊው ውድድር ላይ ‹ድሃው ዓሣ አጥማጅ› የሚባሉትን አይተሻቸዋል? አንቱ ብዬ ነው የምጠራቸው፤ እንደዚያ ያለ ሰው አንተ አይባልም። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ አንደኛ ናቸው። አንድም ቀን አልተሸነፉም። ሁሌ አጋዘኑን ነው የሚይዙት፤ ለእንስሳ ያላቸው ፍቅር ያስቀናል። ሰዓት አክባሪም ናቸው። ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ ይገቡና ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ይወጣሉ። ምሳ ሰዓታቸው ይሆናል። እንዲያው ሳስባቸው፣ በአንድ እጃቸው ደረቅ ዳቦ ይዘው፣ ፍርፋሪው የኮምፒውተሩ ፊደሎች መካከል እየገባ… ግምት ነው። እኔ ዓርብ ዓርብ የሁላችሁንም ጠረጴዛ ስለምጠርግ፣ ፍርፋሪ ቶሎ ወደ ሐሳቤ ይመጣል።

«በመካከሉ አንድ ሳምንት ብቻ ጠፉ። ያ ሰው ሁሉ ለበረዶ ሸርተቴ ወደ ተራራ የወጣበት ሳምንት። አሳሰቡኝ። ታመው ይሆን ብዬ በጸሎቴ አስታወስኳቸው። ሰኞ ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ ግን ከች አሉ፣ ተመስገን። … ያን ሰሞን ከተራራ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ የተመለሰ አንድ ሰው ነበር። ማን ነበር? አንቺ ክሬም ሰጥተሽው ነበር እኮ። ረሳሁት። ዕድሜ ክፉ ነው።»

የቶርቢዮርን እጅ ሳያዝዘው ወደ አፍንጫው ሄደ። መለሰው። ሊቭ ከወረቀቷ ቀና አላለችም፤ እርሳሷ ግን ቆሟል።

«ጨዋታው ላይ ለተዋጊዎች ስም ማውጣት ይቻላል አይደል? እኔ የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን ስም ነው የማወጣላቸው። በሳምንቱ ውስጥ አንድ በአንድ ይሞቱብኛል፤ እሑድ ቆመው ሲዘምሩ ሳያቸው ደስ ይለኛል። እኚህም ሰው ለአጋዘናቸው ስም አላቸው። ሁሌ አንድ ስም ነው፣ አይለውጡም። ማን ነበር… አጭር ነው… ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር…» መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አደረገች። «ቱሬ።»

ከጠረጴዛው ሥር የጥፍር ድምፅ ተሰማ። ውሻው ወጣ፣ ጅራቱን እየቆላ ሄዶ አገጩን ጉንቮር ጉልበት ላይ አስቀመጠ፣ እና ምን ልታዘዝ በሚል ዓይን አያት።

«አንተን አይደለም፣ የኔ ጌታ» አለችው ጆሮውን እያሻሸች። «ስለ ሌላ ቱሬ ነው የማወራው። አገሩ በቱሬ የተሞላ ነው። ሂድ፣ ከጌታህ እግር ሥር ተኛ። … አየሽው ሊቭዬ? ይኼ ውሻ ሲጠሩት ይወጣል። ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እኔ አይደለሁም አይልም። ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ አብልጬ የምወደው ለዚህ ነው።»

ሁለቱ ኮድ ጸሐፊዎች ስኒያቸው ውስጥ ያለውን ነገር በጥሞና ይመረምራሉ፤ የአንደኛው ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ቱሬ ተመልሶ የቶርቢዮርን ጫማ ላይ ተኛ። ቶርቢዮርን ውሻውን በእግሩ ገፋ ሊያደርገው አሰበና ተወው። ውሻው ምን አደረገ? እሱ ራሱ መጀመሪያ ‹ድሃው ዓሣ አጥማጅ› ብሎ ውድድሩ የገባው እውነትም ለሙከራ ነበር። አጋዘኑ በእውነተኛ ተጫዋች ላይ እንዴት እንደሚሆን አንዴ ልይ ብሎ። አንዴ አሸነፈ። ለማረጋገጥ ሁለተኛ ገባ። ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓቱ ሲደርስ ሆዱን ሳይሆን ጣቶቹን ነበር የሚርበው።

ሰዓቱ ስምንት ከሠላሳ አራት ይላል። አሁን ይበቃታል ብሎ አሰበ። ተነስቶ ቁጥሩን ሃያ ስምንት ያደርገዋል፤ ድፍን ሃያ ስምንት፣ ያለ ሩብ፤ ሁሉም «ጥሩ ነው» ይላሉ። ስኒውን ሊያነሳ ሲል ጉንቮር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ቅድም የነበረው የጨዋታ ለዛ ከውስጡ አልወጣም፣ ግን ሳስቷል።

«አንዲት እናት አውቃለሁ። አንቺ አታውቂያትም። ልጇ መርከብ ላይ ነው፤ ሞተር ይጠግናል። ወንድ ልጅ ደግሞ ስልክ አያወራም። ደህና ነህ? ደህና። በላህ? በላሁ። አለቀ። ግን በየቀኑ አንድ ተራ ይጫወትላት ነበር። ጠዋት ቡናዋን ይዛ ትከፍተዋለች። አስቦ ከከበባት፣ እንቅልፍ አግኝቷል ማለት ነው። እንዲሁ ዝም ብሎ ካንቀሳቀሰ፣ ደክሞታል። አንድ ክረምት ሰዎቹን ሁሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሲመልስ አየችና ከዚያች ልጅ ጋር ተለያይቷል አለች። ከሁለት ወር በኋላ ነገራት፤ እሷ ግን በሦስተኛው ቀን አውቃ ሾርባ ሠርታ በልታለታለች። እሱ ባሕር ላይ ነው፣ ምን ታድርግ። ለእሷ ደብዳቤዋ ነበር።

«አንድ ጨዋታ ክረምቱን ሙሉ ይፈጅባቸው ነበር። አሁን አጋዘኑን ቀድሞ ያገኘ በአሥር ቀን ይጨርሳል። እሺ፣ አናወጣውም ተባባሉ፤ እሷም አታወጣም፣ እሱም አያወጣም። ደስ ብሏቸው ተጫወቱ። ልጅ አይደል፣ አንድ ቀን ‹እስቲ ከሰው ጋር ልሞክር› ብሎ መረብ ወርዋሪዎቹን ይዞ ሳምንታዊው ውድድር ገባ። ማንን ያገኘ ይመስልሻል? እኚያን ደግ ሰው። ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው በሰባት ተራ አለቀ፣ ሁለተኛው በስድስት፣ ሦስተኛው በአምስት። እያደር ያሳጥሩለታል፤ ጊዜው እንዳይባክን ብለው ነው። በመጨረሻ ደግሞ ‹ጥሩ ጨዋታ› ብለው ጻፉለት፤ ፈገግታም ጨመሩበት። ቄስ እንኳ እንደዚህ ትሑት አይሆንም።

«ልጁ ለእናቱ ‹እማ፣ ሲስተካከል ጥሪኝ› አላትና ጨዋታውን ዘጋው። አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ዛሬ ከተስተካከለ ሰኞ ትጠራዋለች። ካልተስተካከለም ምን አለ፣ መስከረም ሩቅ አይደለም። … ስልኩ ላይማ ደህና ይላታል። እሷም ታምነዋለች። ጸሎት አለ፤ እግዚአብሔር ባሕር ላይም ያያል። ግን እናት ሞኝ ናት፤ ጸሎቷን ከጨረሰች በኋላም ስክሪኑን ከፍታ ታያለች።»

ውጭ አንድ ትልቅ የበረዶ ቁራጭ ከድልድዩ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ሲሰነጠቅ ተሰማ።

ቶርቢዮርን ያንን ተጫዋች አስታወሰው። ስሙ «ሰሜን መረብ» ይል ነበር። በሦስተኛው ጨዋታ ላይ የሠራውን ነገርም አስታወሰ፤ አራት መረብ ወርዋሪዎችን ወንዙ መታጠፊያ ላይ በግማሽ ክብ ደብቆ ነበር። እንዲህ ያለ ያማረ ወጥመድ በዘጠኝ ዓመት አላየም። አይቶ ተደንቆ ነበር፤ ከዚያ አጋዘኑ በላያቸው ዘለለና አንድ በአንድ ለቀማቸው። ፈገግታውን የጻፈው ከመደነቁ የተነሳ ነው። እዚያ መርከብ ላይ ግን ፈገግታው ምን መስሎ እንደታየ አሁን ገባው።

ተነሳ። ወንበሩ ወለሉን ፈጨ። ጠረጴዛው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ሲቀመጥ ጀርባው ለሁሉም ይታያል።

«ሥራ ይኖርበታል» አለች ጉንቮር ከኋላው። «ትጉህ ነው። ሊቭዬ፣ አንቺ ደግሞ እቺን ቁራሽ…»

የቁጥሩን ሰንጠረዥ ከፈተ። አጋዘን ጋላቢ፣ የምት ኃይል፣ ሃያ ስምንት ከሩብ። ጣቶቹ እንደ ልማዳቸው «ሃያ ስምንት» ብለው ጻፉ። በዚያው ቅጽበት ከኋላው ቢላዋ ሳህን ሲነካ ሰማ።

«…ግማሿን ብቻ ልውሰድላት» ትላለች ጉንቮር። «እንዳትከፋብን።»

ቶርቢዮርን የጻፈውን አየው። አጠፋው። አሥራ ስምንት ብሎ ጻፈ። ስድስት ቤት የሚለውን አራት አደረገው። ጫካ ውስጥ መዳኑን ሰረዘ። ወደ ተጨማሪው ተራ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው እሱን ነበርና። እሱንም ሰረዘ። ከዚያ ወደ ታች ወርዶ መረብ ወርዋሪውን ፈለገና ስምንቱን ወደ አሥራ ሁለት መለሰ። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ መሆኑን ጠየቀው። ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሰባት ላይ ቆለፈው።

ሲመለስ ሁሉም እንደተቀመጡ ናቸው። የተቆለፈ ነገር ሁሉ ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ይወጣል፤ ወጥቷል። ሊቭ አንብባለች፣ ኮድ ጸሐፊዎቹም አንብበዋል። ማንም ግን «ጥሩ ነው» አላለም። ሳህኑ ላይ ቁራሿ ቆማለች፤ ብርሃን የምታሳልፍ ስስ ሆናለች። ቶርቢዮርን ቆሞ አያት። ከዚያ እጁን ሰደደ፣ አነሳት፣ እንዳለች አፉ ውስጥ ጨመራት። በዚያ ቤት ሳህኑን ባዶ ያደረገ ሰው የመጀመሪያው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ብርቱካኑ ይጣፍጥ ነበር። ተቀመጠ፤ ቀለል ብሎታል። አሁን ጉንቮር አንድ ደግ ቃል ትለኛለች ብሎ ጠበቀ።

ጉንቮር መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አነበበች። መስመር በመስመር፣ ደብተሯን እንደምታነብ። አንብባ ስትጨርስ ዓይኗን በመሐረቧ ጫፍ ነካ አደረገችና ባዶውን ሳህን ወደ ራሷ ሳበች። ወደ ቶርቢዮርን ግን አልዞረችም።

«እንግዲህ ሊቭዬ፣ ሰው ሳማ ውዬ በዚያው አልነሳ፣ መርቄ ልነሳ። እኚያን ድሃ ዓሣ አጥማጅ እግዚአብሔር ይባርካቸው። ምሳቸውን ረጋ ብለው የሚበሉበት ቀን ያምጣላቸው። አሥራ አንድ ሳምንት ያሸነፉት እሳቸው ሳይሆኑ አጋዘኑ ነው የሚሉ ክፉ አፎች አሉ። እኔ በፍጹም አላምንም፤ የጭንቅላታቸው ነው። ሰኞ ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ፣ እኛ ሁላችን ምሳችንን ይዘን በዚህ በትልቁ ስክሪን ፊት ቁጭ ብለን ስናያቸው፣ ጌታ ይህን እውነት ለሁላችን ይግለጥልን። ተጋጣሚ እንዳያጡም አንድ ባሕር ላይ ያለ ልጅ ይላክላቸው፤ መረቡ የተመለሰለት። ስንት ተራ ቢፈጅም ይባረክላቸው… ሲያልቅም፣ ‹ጥሩ ጨዋታ› ብሎ ፈገግታ የሚጨምርላቸው ሰው አይጡ። አሜን በይ፣ የኔ ልጅ።»